ለምርምር ሥነ ምግባር ትምህርት ድጎማ እንዴት ይጠየቃል? በጅማ ላሉ አመልካቾች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በጅማና በአካባቢዋ በሚገኙ የትምህርትና የጤና ተቋማት እየሠሩ፣ የምርምር ሥነ ምግባርን ለማስተማር የገንዘብ ድጋፍ ለሚፈልጉ መምህራን፣ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አባላትና የድኅረ ምረቃ አስተባባሪዎች ነው። ገንዘቡ ለሦስት ቀን ሥልጠናም ይሁን ለሁለት ዓመት የሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት፣ የማመልከቻው መንገድ በመሠረቱ አንድ ነው፤ የሚለያየው የወረቀቱ ብዛት ነው።

ጅማ ላይ ይህ ትምህርት ትርፍ ነገር አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1952 የተቋቋመው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1999 ተዋሕደው የተመሠረተ ሲሆን (ዘመኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ መለያው ተማሪውን ከክፍል አውጥቶ በማኅበረሰቡ መካከል ማስተማሩ ነው። በዚህ አካሄድ ገና ያልተመረቀ ወጣት መጠይቅ ይዞ ቀበሌ ይገባል፣ የሰው በር ያንኳኳል፣ ስለ ገቢና ስለ ሕመም ይጠይቃል። በግልገል ጊቤ የምርምር ጣቢያ ሥር ደግሞ በሰኮሩ፣ በጢሮ አፈታ፣ በኦሞ ናዳና በቀርሳ ወረዳዎች ባሉ ቀበሌዎች የቤተሰቦች ልደት፣ ሞትና ዝውውር ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመዘገብ ቆይቷል። ሰው ይህን ያህል ዘመን በሩን ለጠያቂ ሲከፍት ከኖረ፣ ጠያቂውን በሚገባ አስተምሮ መላክ የተቋሙ ዕዳ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ዕዳ ለገንዘብ ሰጪው በቁጥርና በምሳሌ ማሳየት እንዴት እንደሚቻል የሚያስረዳ ነው።

ደረጃ 1፦ ከጥሪው በፊት የራስዎን መዝገብ ይክፈቱ

አብዛኛው አመልካች ሥራውን የሚጀምረው ገንዘብ ሰጪው «አመልክቱ» ብሎ የሚያወጣውን የጥሪ ማስታወቂያ ሲያይ ነው። ጥሪው ስድስት ሳምንት ይሰጣል፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ስለ ራስ ተቋም ማወቅ ስለማይቻል ማመልከቻው «በአፍሪካ የምርምር ሥነ ምግባር ዕውቀት አነስተኛ ነው» በሚል ለማንም በሚሆን ዓረፍተ ነገር ይከፈታል። ገምጋሚው እንዲህ ያለውን አንቀጽ በአንድ ቀን ውስጥ ሃያ ጊዜ ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ ጥሪ ይኑርም አይኑር፣ በመጀመሪያ ወደ ገምጋሚ ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ይሂዱ።

እዚያ የሚፈለገው ነገር ቀላል ነው። ለኮሚቴው ሰብሳቢ በጽሑፍ ጥያቄ አቅርበው፣ የተመራማሪዎቹ ስምና የጥናቱ ርእስ ተሸፍኖ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ለማሻሻያ የተመለሱ ፕሮቶኮሎች (ለኮሚቴው የቀረቡ የጥናት ዕቅዶች) የውሳኔ ደብዳቤዎችን ብቻ ያሰባስቡ። እያንዳንዱን አስተያየት በአንድ መስመር ይመዝግቡና በዓይነት ይለዩ፦ የስምምነት ቅጹ ለመረዳት የሚከብድ፣ ወደ አፋን ኦሮሞ ያልተተረጎመ፣ የናሙና አቀማመጡና አወጋገዱ ያልተገለጸ፣ ከዕድሜ በታች ስለሆኑ ተሳታፊዎች ያልታሰበበት፣ የመረጃ ምስጢራዊነት በአንድ ዓረፍተ ነገር የታለፈ፣ እያሉ። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ለይተው ከዚያ ቢያነጻጽሩ ይመረጣል። ይህ ሥራ አንድ ሳምንት ያህል ቢወስድ ነው፤ ውጤቱ ግን ሌላ ማንም አመልካች ሊያመጣው የማይችል ሠንጠረዥ ነው።

ከቁጥሩ ጋር አንድ ምሳሌ በቅርበት ማሳየት ያስፈልጋል። እኔ ደጋግሜ የማነሣው «በዘፈቀደ» የሚለውን ቃል ነው። በስምምነት ቅጾቻችን ውስጥ «እርስዎ በዚህ ጥናት እንዲሳተፉ በዘፈቀደ ተመርጠዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር በየጊዜው ይገኛል። ለስታቲስቲክስ ባለሙያ ይህ የተጠና የአመራረጥ ስልት ነው። ለአንዲት የጅማ ከተማ እናት ግን በዘፈቀደ ማለት ያለ ሥርዓት፣ እንደ መጣ ማለት ነው። መረጃ ሰብሳቢዋ ይህን ስታነብላቸው «ልጄ፣ በዘፈቀደ ከሆነ የኔ መልስ ምን ይረባችኋል?» ቢሉ ፍጹም ትክክል ናቸው።

መፍትሔው «በዕጣ» ማለት ይመስላል፤ ዕቁብ የገባ ሰው ሁሉ ዕጣ ምን እንደሆነና ለምን እንደማያዳላ ያውቃልና። ነገር ግን ዕቁብ ላይ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘብ ይዞ ይሄዳል። «ዕጣ ወጣልዎት» የተባለ ተሳታፊም ጥናቱ ለእርሱ የመጣ ዕድል ወይም ሕክምና ነው ብሎ ሊረዳ ይችላል፤ ይህም በሥነ ምግባር ዘንድ ከመጀመሪያው ስሕተት የከፋ ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ «ከቀበሌው ነዋሪዎች መካከል በዕጣ ተለይተው ነው፤ ይህ ግን ሽልማትም ሕክምናም አይደለም» ብሎ ማስረዳትን መማር አለበት። አንድ ቃል ይህን ያህል የሚያስተምር ከሆነ፣ ከውጭ የመጣ የስላይድ ስብስብ ለምን እንደማይበቃ ለገምጋሚው ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። በአፋን ኦሮሞ ያሉትን ተመሳሳይ ቃላት አፍ መፍቻቸው ከሆነ ባልደረቦች ጋር ተቀምጠው በዚሁ መንገድ ይፈትሹ፤ ከአማርኛው ቀጥታ መገልበጥ ስሕተቱን እጥፍ ያደርገዋል።

ይህ አካሄድ በአገራችን መሠረት አለው። በወላይታ በዝሆኔ በሽታ ላይ ከተካሄደ የዘረመል ጥናት በፊት ተመራማሪዎች አስቀድመው ማኅበረሰቡ ስለ ምርምርና ስለ ፈቃድ ያለውን አስተሳሰብ አጥንተው የስምምነት ሂደቱን በዚያ ልክ አዘጋጅተዋል፤ ሥራው በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በማመልከቻዎ ውስጥ ይህን ተሞክሮ መጥቀስ፣ የጅማው ሐሳብ ከባዶ ያልተነሣ መሆኑን ያሳያል።

ደረጃ 2፦ ገንዘብ ሰጪውን ይለዩ

ለዚህ ዓይነት ትምህርት የታወቁት የውጭ ምንጮች ጥቂት ናቸው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ በተለምዶ ኤን አይ ኤች በሚባለው ሥር ያለው የፎጋርቲ ዓለም አቀፍ ማዕከል ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታዳጊ አገሮች የባዮኤቲክስ፣ ማለትም የሕክምናና የሕይወት ሳይንስ ሥነ ምግባር፣ ትምህርትን ሲደግፍ ቆይቷል። በ2003 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኢዲሲቲፒ የተባለው የአውሮፓና የታዳጊ አገሮች የክሊኒካል ሙከራ አጋርነት ደግሞ የአፍሪካ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎችን አቅም ለመገንባት ጥሪዎች አውጥቷል። ከዚህ ሌላ ትልልቅ የምርምር ድጎማዎች በውስጣቸው የሥልጠና በጀት እንዲያዝ ይፈቅዳሉ፤ ለጀማሪ ቡድን ብዙ ጊዜ የሚቀለው በር ይኸኛው ነው። ባልደረባዎ የወባ ወይም የሥነ ምግብ ጥናት እያመለከተ ከሆነ፣ ለመረጃ ሰብሳቢዎቹ የሥነ ምግባር ሥልጠና በበጀቱ እንዲገባ ይነጋገሩ።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ እዚህ አለ። ያለፈ ዓመት ጥሪ ዘንድሮም ይኖራል ብለው አይገምቱ። በሜይ 2025 ኤን አይ ኤች በአሜሪካ ተቋማት በኩል ለውጭ አገር ተባባሪዎች የሚሰጠው ንዑስ ድጎማ አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ እንደማይቀጥል አስታውቋል። በዚሁ ዓመት ያወጣው ሌላ መመሪያ አንድ ዋና ተመራማሪ በዓመት ከስድስት ማመልከቻ በላይ እንዳያቀርብና በአብዛኛው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ማመልከቻ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ስለዚህ የጥሪውን ሰነድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ከዚያም ሐሳብዎን በአንድ ገጽ ጠቅለል አድርገው ለፕሮግራሙ ኃላፊ በኢሜይል ይላኩና «ይህ ሐሳብ ከጥሪው ዓላማ ጋር ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም፤ በጥሪዎቹ ላይ የኃላፊው አድራሻ የሚቀመጠው ለዚሁ ነው።

ደረጃ 3፦ የተቋሙን ምዝገባዎች ያረጋግጡ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም ብዙ ማመልከቻ የሚቀረው እዚህ ነው። ለአሜሪካ መንግሥት ድጎማ ተቋሙ ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ፣ ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ተቋማት የሚሰጠው ኤንኬጅ የተባለ ኮድ፣ እንዲሁም ሳም በተባለው የመንግሥት መዝገብ ውስጥ በየዓመቱ የሚታደስ ምዝገባ ሊኖረው ይገባል። ኤን አይ ኤች ራሱ ሂደቱ ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊወስድ እንደሚችል ያሳስባል። ለአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ፒክ የተባለው ባለ 9 አኃዝ መለያ ያስፈልጋል። እነዚህ የግለሰብ ሳይሆኑ የተቋም ስለሆኑ፣ ማን እንዳስመዘገባቸውና የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ አስቀድመው ይጠይቁ።

እኔ በነበርኩበት አንድ ቡድን ማመልከቻው ተጽፎ አልቆ፣ ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው የተቋሙ ዓመታዊ ምዝገባ ጊዜው ማለፉ ታወቀ። ምዝገባውን ይከታተሉ የነበሩት ሠራተኛ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውረው ነበር፤ ማሳሰቢያው የሚደርሰውም በእሳቸው የግል ኢሜይል ነበር። የስምንት ወር ሥራ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ማመልከቻ ስጀምር በመጀመሪያው ቀን የማደርገው ነገር የምዝገባውን ማብቂያ ቀን በግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ማስፈር ነው።

ደረጃ 4፦ ፕሮፖዛሉን ይጻፉ

የፍላጎቱ ክፍል በደረጃ 1 ካዘጋጁት ሠንጠረዥ ይጀምራል። ቀጥሎ ዓላማ ይመጣል። ዓላማ ሲጻፍ «ግንዛቤ ማሳደግ» ከሚለው ሐረግ ይራቁ፤ ግንዛቤ አይለካም። «በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በስምምነት ቅጽ ምክንያት ለማሻሻያ የሚመለሱ የድኅረ ምረቃ ፕሮቶኮሎች ድርሻ አሁን ካለበት በግማሽ ይቀንሳል» የሚለው ግን ይለካል፤ መነሻ ቁጥሩም በእጅዎ አለ።

የትምህርቱ ይዘት ወቅታዊ መሆኑን ያረጋግጡ። በሰዎች ላይ ለሚደረግ የሕክምና ምርምር የሥነ ምግባር መርሖዎችን የያዘው የሄልሲንኪ መግለጫ በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣ ቢሆንም ለመጨረሻ ጊዜ የተሻሻለው በኦክቶበር 2024 ነው፤ በዚህ ማሻሻያ የምርምር «ተገዢዎች» መባል ቀርቶ «ተሳታፊዎች» ተብሏል። የ2013ቱን እትም ጠቅሶ የመጣ ሥርዓተ ትምህርት ገና ከመግቢያው ይዳከማል። ከአገር ውስጥ ሰነዶች ደግሞ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ግምገማ መመሪያ አምስተኛ እትምና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሊቀሩ አይገባም። አዋጁ በተለይ በስልክና በታብሌት መረጃ ለሚሰበስቡ ተማሪዎች አዲስ ኃላፊነት ያመጣ ስለሆነ ራሱን የቻለ የትምህርት ሰዓት ይገባዋል።

ሰዓትን በተመለከተ ኤን አይ ኤች በገንዘቡ ለሚሠለጥኑ ሰዎች የሚጠይቀው የኃላፊነት የተሞላበት ምርምር ትምህርት ቢያንስ 8 የገጽ ለገጽ ሰዓት ነው፤ ቢያንስም በየአራት ዓመቱ መደገም አለበት። ይህን ዝቅተኛ ልክ አድርገው ይያዙና ከዚያ በላይ ያለውን ለመስክ ልምምድ ያውሉት። የእኔ ምክር የንግግሩ ሰዓት አጥሮ ሠልጣኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው የስምምነት ቅጽ እንዲያነቡ፣ አንዱ መረጃ ሰብሳቢ፣ ሌላው ማንበብና መጻፍ የማይችል ገበሬ ሆኖ እንዲነጋገሩ፣ ከዚያም «ምን ተረዱ?» ተብለው በራሳቸው ቃል መልሰው እንዲናገሩ ነው። አሠልጣኝ አድርገው ደግሞ ሐኪምና መምህር ብቻ አያቅርቡ። በኮሚቴው ውስጥ ያሉት የማኅበረሰብ ተወካይ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የሀገር ሽማግሌው ሊያስተምሩ የሚችሉት ነገር አለ፤ በኦሮሞ ዘንድ ሰፉ የሚባለው፣ ነውርንና ክብርን ለይቶ የሚያስቀምጠው ሥርዓት፣ በቤት ውስጥ ስለ ምን መጠየቅ እንደሚገባና በምን ቋንቋ እንደሚጠየቅ ከየትኛውም ዓለም አቀፍ ሰነድ ይልቅ ለሠልጣኙ ቅርብ ነው።

በውጭ ድረ ገጽ ላይ ባለ ነጻ ኮርስ ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድ አያቅርቡ። ኤን አይ ኤች ለረጅም ጊዜ በነጻ ይሰጠው የነበረውና የብዙ ተመራማሪ የምስክር ወረቀት ምንጭ የሆነው ኮርስ በሴፕቴምበር 2018 ተዘግቷል። ሥልጠናው ከድጎማው በኋላ እንዴት እንደሚቀጥል ሲጠየቁ የሚያሳምነው መልስ፣ ትምህርቱ በድኅረ ምረቃ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ እንዲካተት የትምህርት ክፍሉ ምክር ቤት የወሰነበት ቃለ ጉባኤ ቅጂ ነው።

ግምገማውን በሚመለከት፣ ከሥልጠናው በፊትና በኋላ የሚሰጥ ፈተና ብቻውን አይበቃም። ከስድስት ወር በኋላ የሠልጣኞቹ ፕሮቶኮሎች ምን አስተያየት ይዘው እንደተመለሱ መቁጠር ይጨመርበት። የፈተናውን ውጤት በጽሑፍ ለማሳተም ካሰቡ ደግሞ ሠልጣኞቹ ራሳቸው የምርምር ተሳታፊዎች ስለሚሆኑ የኮሚቴው ፈቃድ ያስፈልጋል። አመልካቹ የኮሚቴው አባል ከሆነ ፕሮቶኮሉ በሚታይበት ስብሰባ ከክፍሉ መውጣቱ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። የሥነ ምግባር ትምህርት ለማስተማር የሚጽፉት ማመልከቻ ከሌላ ሰው ፕሮፖዛል የተገለበጠ አንቀጽ ሊኖርበት እንደማይገባ መናገር አስፈላጊ ባይመስልም፣ ያጋጥማልና እናገረዋለሁ።

ደረጃ 5፦ በጀቱን ያዘጋጁ

በጀት ከሥራ ዝርዝር ይወለዳል እንጂ ከጣሪያው ወደ ታች አይከፋፈልም። 30 ሠልጣኞች ለ3 ቀን የሚቀመጡ ከሆነ 90 ሰው-ቀን አለ ማለት ነው፤ ምሳው፣ ሻይ ቡናው፣ አበሉ ሁሉ በ90 ይባዛል። ትርጉምንና የመልስ ትርጉምን፣ ማለትም የተተረጎመውን ሌላ ሰው ወደ መነሻው ቋንቋ መልሶ እንዲተረጉመውና እንዲነጻጸር የሚደረገውን ሥራ፣ ራሱን በቻለ መስመር ያስፍሩ። ይህ መስመር ብዙ ጊዜ ይረሳና በኋላ ትርጉሙ በአንድ ተማሪ ትከሻ ላይ በነጻ ይወድቃል።

ስለ ውሎ አበል በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ከሰኮሩ ወይም ከአጋሮ የሚመጣ የጤና ባለሙያ ትራንስፖርትና ማደሪያ ያስፈልገዋል፤ ይህን መክፈል ተገቢ ነው። በራሱ ግቢ ውስጥ ከቢሮው ወደ ሥልጠና ክፍል ለሚሻገር ሰው ግን አበል መያዝ ገንዘብ ሰጪውን ያስቆጣል፤ ትምህርቱንም በአበል ልክ የሚመዘን ያደርገዋል። የተቋሙን የአበል ተመን ከፋይናንስ ክፍል በጽሑፍ ይውሰዱና በማብራሪያው ውስጥ ይጥቀሱት።

የምንዛሪው ጉዳይም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር ብቻ የታቀደ በጀት እንዲህ ባለ ጊዜ ትርጉሙን ያጣል፤ ስለዚህ ስሌቱ የተሠራበትን ቀንና የምንዛሪ ተመን በማብራሪያው ውስጥ ያስፍሩ። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የአሜሪካ ፌዴራል በጀት ዓመት ደግሞ ኦክቶበር 1፤ ሰኔ ላይ የግዥና የፋይናንስ ሥራ በሒሳብ መዝጊያ ስለሚጨናነቅ ትልልቅ ግዥዎችን በዚያ ወር አያቅዱ። የተቋሙን የአስተዳደር ወጪ በተመለከተ ኤን አይ ኤች ለሥልጠና ድጎማዎች 8 በመቶ ሲፈቅድ፣ ሆራይዘን የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፕሮግራም ድጎማዎች 25 በመቶ ይሰጣሉ፤ ይህን ለተቋሙ ኃላፊዎች አስቀድመው ያስረዱ፣ አለበለዚያ ፊርማው ላይ ክርክር ይነሣል።

ደረጃ 6፦ ፊርማ ያሰባስቡና ይላኩ

የድጋፍ ደብዳቤዎቹን እርስዎ ረቂቅ አድርገው ያቅርቡ፤ «ሥራውን እንደግፋለን» የሚል ባዶ ደብዳቤ ሳይሆን፣ አዳራሹን በነጻ እንደሚሰጡ ወይም የመምህሩን የሥራ ጫና እንደሚቀንሱ በቁጥር የሚገልጽ ይሁን። ዲኑ ስብሰባ ላይ፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱ አዲስ አበባ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለፊርማ ብቻ አሥር የሥራ ቀን ይያዙ።

ሰዓቱን በተመለከተ ስሕተቱ ቀላል፣ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ኤን አይ ኤች ማብቂያው 5፡00 ፒ ኤም ሲል በአመልካቹ ተቋም አካባቢ ሰዓት ነው፤ ይኸውም ለእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ማለት ነው እንጂ ሌሊት አይደለም። በብራስልስ ሰዓት 17፡00 የሚለው የአውሮፓ ኅብረት ጥሪ ደግሞ በእነርሱ የብርድ ወራት ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በሙቀት ወራታቸው ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ሁለቱንም በእኛ አቆጣጠር በትልቁ ጽፈው በቢሮው በር ላይ ይለጥፉ፤ ማመልከቻውንም ቢያንስ ሦስት ቀን ቀደም ብለው ይላኩ። መብራት ወይም ኢንተርኔት በጠፋ ሰዓት ለማን አቤት ማለት እንደሚቻል የሚገልጽ ድንጋጌ በጥሪው ውስጥ ካለ ያትሙና ይያዙት።

ደረጃ 7፦ ከውጤቱ በኋላ

ድጎማው ከተገኘ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የሪፖርት ጊዜዎቹን ወደ እኛ የቀን አቆጣጠር ይለውጡና ለሒሳብ ባለሙያው ይስጡ። ካልተገኘ የገምጋሚዎቹን አስተያየት በተቀበሉበት ቀን መልስ አይጻፉ። ከሳምንት በኋላ ከቡድኑ ጋር ተቀምጠው እያንዳንዱን አስተያየት፣ በደረጃ 1 የኮሚቴውን ደብዳቤዎች እንደለዩት ሁሉ፣ በመስመር ይለዩት። ጥሪው ዳግም ማቅረብን የሚፈቅድ ከሆነ ኤን አይ ኤች የተሻሻለውን ማመልከቻ በ37 ወር ውስጥ ይቀበላል፤ የተሻሻለውንም በአንድ ገጽ መግቢያ እንዲያስረዱ ይጠይቃል። የመዝገቡን ቆጠራ ግን መልሱ ምንም ይሁን ምን በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ያድሱት፤ ተማሪዎቹ ወደ ቀበሌ የሚወጡበት ጊዜ ከመድረሱ በፊት፣ የዓመቱን አዳዲስ ስሕተቶች ለመረጃ ሰብሳቢዎቹ በአንድ ከሰዓት ለማስተማር ያለ ድጎማም ይበቃል።